ቡፌው ውስጥ የቀረው ሽፋን

ባለፈው ሰኔ ካርድ ለመቀበል ትምህርት ቤት ሄጄ ነበር። የልጄ የአማርኛ አስተማሪ ውጤቷን ከሰጠችኝ በኋላ አላሰናበተችኝም፤ ከወረፋው ነጥላ ወደ መስኮቱ ወሰደችኝ። ገና ወጣት ናት፤ አነጋገሯ ግን የምርመራ ውጤት እንደሚናገር ሐኪም ነው። "ልጅዎ ስታነብ አትደናቀፍም" አለችኝ። "ያነበበችውን ስጠይቃት ግን ከገጹ ላይ አንድ መስመር ፈልጋ መልሳ ታነብልኛለች። ያልተጻፈውን አታገኘውም።"

"ያልተጻፈ ነገር እንዴት ይነበባል?" አልኳት። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አልቀለደችም። ሰውየው ወጣ፣ ዝናቡ አላባራም፣ ጃንጥላው በሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው ተብሎ ቢጻፍ፣ ሰውየው መበስበሱን ጸሐፊው መናገር እንደማይጠበቅበት አስረዳችኝ። "የእርስዎ ልጅ ግን 'በሰበሰ ወይ?' ስላት 'አይልም' ትለኛለች" አለች። በመስከረም ስድስተኛ ክፍል እንደምትገባ፣ በዓመቱ መጨረሻ የከተማው ፈተና እንደሚጠብቃት፣ ጥያቄው ደግሞ በየትምህርቱ አንብቦ መረዳት እንደሆነ ነገረችኝ። ክረምቱን ቤት ውስጥ ካላነበበች ትወድቃለች ብላ አልተናገረችም፤ "ይከብዳታል" ብላ ብቻ ቀጣዩን ወላጅ ጠራች። እኔም ያልተጻፈውን አነበብኩት።

ታክሲ ውስጥ ገብቼ ወደ አየር ጤና ስመለስ ተናድጄ ነበር። መጽሐፍ የሌለበት ቤት ቢሆን ይገባኛል። የእኔ ቤት ግን መጽሐፍ አለ። ሳሎናችን ውስጥ በገዛ እጄ የሠራሁት ባለ መስታወት ቡፌ ቆሟል። የላይኛው መደርደሪያ ላይ ባለቤቴ ለእንግዳ ብላ ያስቀመጠቻቸው ብርጭቆዎች አሉ፤ የታችኛው ላይ መጽሐፎቼ። ሁለቱም በአንድ ቁልፍ ይቆለፋሉ። እያንዳንዱን መጽሐፍ በወፍራም ካርቶን ሸፍኜ ከላዩ ላስቲክ አልብሼዋለሁ። አንድም ጆሮው የታጠፈ ገጽ የለም። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያየው እነሱን ነው፤ "ያነባሉ እንዴ?" ሲሉኝ ደስ ይለኛል፤ አልዋሽም።

ይህን ያህል የምጠነቀቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ሥራዬ ሶፋ ማደስ ነው። ትምህርቴን በልጅነቴ አቋርጬ አየር ጤና ከጋራዦቹ ጀርባ አንድ የሶፋ ሠሪ ቤት ስገባ ፊደል ከመቁጠር ብዙም አላልፍም ነበር። ማንበብ የተማርኩት እዚያ ነው። የሶፋ ክንድና ጀርባ ልክ የሚወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ጋዜጣው በኖራ ተሰምሮ በመቀስ ይቆረጣል፤ ከዚያ ጨርቁ በእሱ ልክ ይቆረጣል። እኔ ምሳ ሰዓት ላይ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የጋዜጣ ልኮች አንድ በአንድ እያወረድኩ አነብ ነበር። አንድ ሰው ፍርድ ቤት ቀርቦ ዳኛው ሊናገር አፉን ሲከፍት የሶፋው ክንድ ይጎብጥና ወሬው እዚያ ላይ ይቆረጣል። ምን እንደተፈረደበት እስከ ዛሬ አላውቅም። የዚያን ዘመን አገር ሁሉ የማውቀው በግማሹ ነው። ስለዚህ በኋላ ገንዘብ ስይዝ ሙሉ መጽሐፍ፣ መጀመሪያና መጨረሻ ያለው መጽሐፍ፣ ከአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎች እየገዛሁ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ለልጆቼ ነው። ልጆቼ የተቆረጠ ነገር እንዳያነቡ ነው።

እነሱ ደግሞ የተቆረጠውንም ሙሉውንም አያነቡም።

በሐምሌ መጀመሪያ ሕግ አወጣሁ። ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ከእራት በፊት፣ ልጄ እጇን በሳሙና ትታጠባለች። ቁልፉን አወጣለሁ፤ መጽሐፉን እኔ ከቡፌው አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላታለሁ። ቀጥ ብላ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች። እኔ እጄን አጣምሬ አዳምጣለሁ፤ ስትስት አርማለሁ፤ ሲያበቃ እጠይቃለሁ። መጽሐፉንም የመረጥኩት እኔ ነኝ። በሐይቅ ዳር ስለሚኖር አንድ ጀልባ ቀዛፊ የሚተርክ ነው። አንድ ቀን ማለዳ ሰው አሻግሮ እመለሳለሁ ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም፤ ልጁ ልትፈልገው ትነሳለች። እኔ ራሴ አላነበብኩትም ነበር። የልጆች መጽሐፍ ስለሆነ ከእሷ ጋር እየሰማሁ እደርሳለሁ ብዬ ነው።

ሐምሌ መሆኑን ግን ዘንግቼ ነበር። ቤታችን ቆርቆሮ ነው፤ ኮርኒሱም ቀጭን ነው። ዝናቡ ሲጀምር ልጄ የምታነበው አይሰማም። "ድምፅሽን ከፍ አድርጊ" እላታለሁ፤ ታደርጋለች። ዝናቡም ከፍ ያደርጋል። የቀዛፊው ሚስት በሹክሹክታ የምታለቅስበትን ገጽ ልጄ ገበያ መሐል ሕፃን እንደጠፋባት ሴት እየጮኸች አነበበችው። "አልሰጠመም በሉኝ! አልሰጠመም በሉኝ!" ትላለች፤ እኔ ደግሞ ከወዲህ "ነጠላ ሰረዝ አለ፣ ቁሚ!" እላለሁ።

በማግስቱ ጠዋት ፊት ለፊታችን ሱቅ ያላት ጎረቤታችን ዱቄት ስትመዝን አስቆመችኝ። ልጆቿ ከልጆቼ ጋር አብረው ያደጉ ናቸው፤ በረመዳንም በፋሲካም ሳህን ከቤት ቤት ሲመላለስ ነው የኖርነው። "ጋሼ፣ ሰላም ነው ግን?" አለችኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ማታ ሰው ሰጠመ ሲባል ሰማን። ወላሂ ልጆቼ እራት አልበላ አሉኝ። ማን ነው የሰጠመው?"

መጽሐፍ ነው አልኳት። ሚዛኑን ትታ አየችኝ።

ከንባቡ የባሰው ጥያቄው ነበር። ልጄ ገጹን ጨርሳ ስትዘጋው ፊቷ ላይ ያለው ነገር ሁሉ አብሮ ይዘጋል። ቀዛፊው ከማን ጋር ሄደ ስላት ትመልሳለች፤ ተጽፏል። ልጅቷ ምን ተሰማት ስላት "አይልም" ትለኛለች። በራስሽ አባባል ንገሪኝ ስላት አንድ አንቀጽ እንዳለ ቃል በቃል በቃሏ ይዛ ትወጣልኛለች። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የማስታወስ ችሎታዋ ጥሩ ነው ብዬ። በቃል መያዟ መረዳት አለመሆኑን የነቃሁት በሦስተኛው ቀን ነው። ታላቅ ወንድሟ ክረምቱን ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ሶፋ ቤቱ ይሠራል፤ ማታ ደግሞ ሶፋው ላይ ተጋድሞ ስልኩን እየነካካ እኛን ያያል። አንድ ቀን ስልኩን ሳይለቅ "አባዬ፣ ፖሊስ ጣቢያ እንኳ ቃል ሲቀበሉ ውኃ ይሰጣሉ" አለኝ። ስልኩን ቀማሁት። ስልኩን መቀማቴ መጽሐፍ አላስነሳውም፤ ኮርኒሱን እያየ ተኛ።

ነገሩ የፈነዳው ወደ ሐምሌ መጨረሻ ነው። የዚያን ዕለት ያነበበችው ገጽ ላይ ጀልባው ሰጥሞ ተገኝቷል፤ ሰውየው ግን የለም። "እንግዲህ ሰውየው ምን ሆነ?" አልኳት። ወደ ገጹ አጎነበሰች። "አስቢ እንጂ። ጀልባው ሰጥሟል።"

"አይልም" አለች።

"ሰጥሟል፣ ሞቷል። ይህን ለማወቅ ምን ያስፈልጋል? ግልጽ አይደለም እንዴ?"

ጣቷን ገጹ ላይ አድርጋ የሆነ ነገር ልትናገር ነበር መሰለኝ። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከአንድ ያዘዘውን ጨርቅ ከማያስታውስ ደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ ውዬ ትዕግሥቴ አልቋል። መጽሐፉን ከፊቷ አንስቼ ቡፌው ውስጥ መለስኩት፤ ቆለፍኩ፤ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ቤት መጽሐፍ አይወጣልሽም፤ መጽሐፍ የሚገባው ለሚገባው ነው አልኳት። "እሺ" አለች። እንባ ጠብቄ ነበር። እሷ ግን ወንበሩን ወደ ቦታው መልሳ፣ ልክ ከጥርስ ሐኪም ቤት እንደወጣ ሰው ቀለል ብሏት ወደ ሱቁ ሮጠች።

ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆና ሁሉንም ሰምታለች። "የራበውን ሰው ምግብ ከልክሎ የሚቀጣ አይቻለሁ" አለችኝ። "አልራበኝም ያለውን ምግብ ከልክሎ የቀጣ ግን አንተን ነው ያየሁት።" ትክክል ነበረች፤ ስለዚህ ተቆጣሁ።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ጸጥ አለ። ነሐሴ ገባ። እኔ ማታ እመጣለሁ፤ ልጄ ወይ ሱቁ በረንዳ ላይ ናት ወይ ክፍሏ ውስጥ። ምን እንደምትሠራ አልጠየቅኩም፤ ማኩረፌን እንድታውቅ ነው። እሷ ማኩረፌን ማወቋን እርግጠኛ አይደለሁም። በውስጤ ግን የአስተማሪዋ ቃል አልተኛልኝም። ቡፌውን ባየሁ ቁጥር የቀዛፊው መጽሐፍ በላስቲኩ ውስጥ ያብለጨልጫል፤ መስከረም እየቀረበ ነው፤ ልጄ ከትምህርት ቤት እንደ ወጣችው ልትመለስ ነው። የራሴን ቅጣት እንዴት እንደማነሳ አላወቅኩም። አባት አንዴ የተናገረውን ካነሳ ምን ቀረው እያልኩ ከራሴ ጋር ስከራከር ሁለት ሳምንት አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ባለቤቴ ከቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጓደኞቿ ከሰዓት በኋላ ስለሚመጡ ብርጭቆዎቹን እንዳወጣላት ጠየቀችኝ። ቡፌውን ከፈትኩ። ብርጭቆዎቹን ሳወርድ የቀዛፊው መጽሐፍ ትንሽ ዘመም ብሎ አየሁት፤ ላቃናው በሁለት ጣት ያዝኩት። ብድግ አለ። ወረቀት እንደማንሳት ነው የተነሳው። ገለበጥኩት። ካርቶኑ አለ፣ ላስቲኩ አለ፣ በላስቲኩ ጠርዝ የተጣበቀው ፕላስተር አለ። በውስጡ ምንም የለም። ሽፋኑ ቀጥ ብሎ እንዲቆም የታጠፈ የብስኩት ካርቶን ብቻ አስገብተውበታል።

ልጄን ጠራሁ፤ የለችም። ወንድሟ መጣ። ሽፋኑን አፍንጫው ሥር ይዤ "መጽሐፉ የት አለ?" አልኩት።

ልጁ መሸሽ የማይችል መሆኑን አመዛዝኖ፣ ተንፍሶ፣ "የትኛው ክፍል?" አለኝ።

እንዲያስረዳኝ ብዙ መጮህ አስፈልጎኛል። ነገሩ እንዲህ ነበር። ልጄ በዝናቡ ስትጮህ ያነበበችውን ሰፈሩ ግማሽ ግማሹን ሰምቶታል። የባለሱቋ ልጆች ሰውየው ሰጠመ አልሰጠመም እያሉ ጠየቋት፤ እሷም ነገረቻቸው። እስካነበበችበት ድረስ ነግራ ስትጨርስ ቀጥሎስ አሏት። ቀጥሎ ያለው ቡፌው ውስጥ ተቆልፏል፣ ቁልፉ እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ወንድሟ ግን ቡፌውን ያውቀዋል። የጀርባው ኮምፔንሳቶ በጥቂት ትንንሽ ሚስማር ብቻ የተያዘ ነው፤ ሰው የማያየው ቦታ ብዬ ነበር ስሠራው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ከግድግዳው አላቅቆ፣ ሚስማሩን ነቅሎ፣ መጽሐፉን በጀርባ በኩል አወጣው። ከዚያ ደግሞ ጠብ ተነሳ። ሁሉም አሁኑኑ ማንበብ ይፈልጋል፤ መጽሐፉ አንድ ነው። አንዱ ጨርሶ ለሌላው እስኪሰጥ ክረምቱ ሊያልቅ ነው። ስለዚህ ልጄ ወሰነች፤ ወንድሟ በምላጭ ስፌቱን ፈትቶ አራት ቦታ ከፈለው።

"ማን ነው ቁረጥ ያለህ?" አልኩት።

"አልቆረጥኩም፤ ፈታሁት" አለኝ ቅር ብሎት። "አንተ ራስህ ጨርቅ አይቀደድም፣ ስፌት ይፈታል ትለኝ የለ?"

እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከቁራጭ ወረቀት ስሸሽ ኖሬ የገዛሁትን ሙሉ መጽሐፍ፣ እኔው ባስተማርኩት እጅ፣ እኔው በሠራሁት ቡፌ ጀርባ አውጥተው አራት ቁራጭ አደረጉት። ሽፋኑን ኮቴ ውስጥ ሸጉጬ በጭቃው ወደ ሱቁ ተሻገርኩ። የምናገረውን እያዘጋጀሁ ነበር። ስለ ንብረት፣ ስለ ሌብነት፣ ስለ ላብ ዋጋ የሚያወራ ረዘም ያለ ንግግር ነበር፤ ጥሩም ንግግር ነበር።

ባለሱቋ ገና ሳልደርስ ከመስኮቷ አየችኝና ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። የታመመ ሕፃን የተኛ መስሎኝ ቆምኩ። የልጄ ድምፅ ከለስላሳ ሣጥኖቹ ጀርባ ከበረንዳው ይመጣል። አትጮህም። ዝናብም የለም።

"...ሚስቱ ማታ ከገበያ ስትመለስ ጋቢው ከተሰቀለበት የለም። ወለሉ ላይ ደግሞ ውኃ አለ ይላል። እሷ ረግጣው 'ውይ፣ ቀዝቃዛ ነው' ብላ ነው የምታልፈው። አያችሁ? ዝናብ አልነበረም። ጣሪያው ባለፈው ክረምት ተሠርቷል፣ መጀመሪያ ላይ ብሎናል። ታዲያ ማን ነው ውኃውን ያንጠባጠበው?"

ከዚያ አንድ ልጅ "እሱ!" አለ።

"እሱ። ዋኝቶ ወጥቷል። ቤት መጥቶ ማንም ሳያየው ጋቢውን ወስዶ ሄዷል።"

"ታዲያ አልሞተማ" አለች የባለሱቋ ልጅ። "ካልሞተ ለምን ይሄዳል? ልጁ እያለቀሰች?"

"ጀልባው የሱ አይደለማ። የነጋዴው ነው፤ ተከራይቶት ነው። የሰው ጀልባ አስምጦ በምን ዓይኑ ይያቸው? አፍሮ ነው።"

"የት ጋ ነው አፍሮ የሚለው? እኔ ሁለተኛውን አንብቤዋለሁ፣ አፍሮ የሚል የለም።"

"አይልም" አለች ልጄ። "ግን አንቺ ብትሆኚስ?"

እዚያው ጭቃው ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። ያንን የውኃውን መስመር በዝናብ መሐል ስትጮህ አንብባልኛለች። ሰምቼዋለሁ። ምናልባትም ሰረዙን አርሜበታለሁ። ከዚያ ግን ሰውየው ሞቷል ብዬ ፈርጄ መጽሐፉን ከፊቷ አነሳሁት። ያን ዕለት ጣቷ ገጹ ላይ የነበረው ለዚህ ይሆን? አልጠየቅኋትም፤ አሁንም መጠየቅ ያሳፍረኛል።

ንግግሬ ጠፋብኝ ማለት ግን አይደለም። ወደ በረንዳው ወጣሁና ባዶውን ሽፋን አወጣሁ። ልጆቹ ሁሉ ብድግ አሉ። ልጄ ሽፋኑን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች። መሸሽ አልሞከረችም።

"ይህን ማን አደረገ አልልሽም" አልኳት። "እኔ ሐምሌን ሙሉ ስለምንሽ አንድ ቃል ከአፍሽ አልወጣም። እዚህ ግን አስተማሪ ሆነሻል። እኔ ምን በደልኩሽ?"

ጣቶቿን አፍተለተለች። ሁሉም ሰው ይሰማል፤ እሷ ግን እኔን ብቻ ነበር የምታየው። "አንተ መልሱን ይዘህ ነው የምትጠይቀኝ፣ አባዬ" አለች። "ያን ጊዜ እኔ መጽሐፉን አላስብም። አንተ የያዝከውን ነው የምፈልገው። እነሱ ምንም አልያዙም።"

ባለሱቋ ለአንድ ሰው መልስ እየቆጠረች ነበር፤ እጇ እዚያው ቀረ። እኔ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ "እጅሽን ታጠቢ" አልኳት።

ቁርጥራጮቹን ሰብስቡልኝ አልኳቸው። አባት መሆኔን እንዳይረሱት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ከሣጥኖቹ ላይ ተገኘ፤ ዳሩ ላይ የዘይት ጣት አለበት። ሁለተኛው ጀርባ ላይ አንድ ሰው ጀልባ ሥሎበታል፤ ጀልባው ደግሞ ሚኒባስ ይመስላል። ሦስተኛው ከአንድ ልጅ ሹራብ ውስጥ ወጣ፣ ትኩስ ነበር። አራተኛው የለም። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩና ሁሉም ወደ ሱቁ መስኮት ዞሩ።

"እኔ ጋ ነው ጋሼ" አለች ባለሱቋ፤ ትንሽ አፈረች፤ ግን አልሰጠችኝም። "ሦስቱን አንብቤ ተራዬ ዛሬ ነው የደረሰኝ። ገና አምስተኛው ገጽ ላይ ነኝ። እኔ እንደ ልጆቹ አልፈጥንም፣ የዕቃ ስም ከማንበብ ያለፈ ልምድ የለኝም። አንዷ ሳሙና ትለኛለች፣ አንዱ ካርድ ይለኛል፣ መስመሩ ይጠፋብኛል። ይታገሡኝ።"

"መጽሐፉ የእኔ ነው እኮ እህቴ" አልኳት።

"አውቃለሁ። ተራው ግን የእኔ ነው።"

ልጆቹ ሳቁ። ልጄም ሳቀች። ሦስቱን ክፍል ኮቴ ውስጥ ከትቼ ሄድኩ።

ሰኞ ሶፋ ቤቴ ይዣቸው ገባሁ። ሐሳቤ አራተኛው እስኪመጣ አዘጋጅቼ ቆይቼ፣ በወፍራም መርፌና በሶፋ ክር አንድ ላይ ሰፍቼ፣ ሙጫ አድርጌ፣ ወደ ሽፋኑ ልመልሰው ነበር። ይህን ሥራ እችለዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ግን የመጀመሪያውን ክፍል ከፈትኩት፤ ልሰፋው ብዬ ነው። የውኃው መስመር ጋ ስደርስ ቆሜ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሁለተኛውን ያዝኩ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ስፖንጁ ደርሷል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ "ነገ" አልኩት፤ ስፖንጁ ከፊቱ ተቆልሎ ነበር። ወንድ ልጄ አይቶኝ ወደ ውጭ ወጥቶ ሳቀ፤ መሳቁን በትከሻው አውቄያለሁ።

ከሰዓት በኋላ መርፌውን አነሳሁ። ሦስቱንም አንድ ላይ አልሰፋኋቸውም። እያንዳንዱን ለብቻው ሰፋሁት፤ ለእያንዳንዱም ከቁርጥራጭ ጨርቅ ሽፋን አበጀሁለት። አንዱ ቀይ ቬልቬት፣ አንዱ ቡና ዓይነት፣ አንዱ አንድ ሙሽራ መርጣ የተወችው አበባ። ለአራተኛውም አረንጓዴ ቆረጥኩለት። ይህን ሳደርግ እየተነጫነጭኩ ነበር። መጽሐፍ መክፈል ልክ ነው አልልም። አሁንም ስሕተት ነው፣ ለልጆቼም ስሕተት እንደሆነ ነግሬያቸዋለሁ፤ ወንድምየው የቡፌውን ጀርባ ራሱ መልሶ እንዲመታ አድርጌያለሁ፣ ሚስማሩንም እጥፍ አድርጎ። ልጄም ለአንድ ሳምንት የሳሎኑን ወለል ወልውላለች። ነገር ግን ሽፋኑ ሙሉ ሆኖ የቆመበት ጊዜና መጽሐፉ የተነበበበት ጊዜ ሁለት የተለያየ ጊዜ መሆኑን ደብቄ አባት ልባል አልችልም።

ቁልፉን ከቡፌው ላይ ማንጠልጠል ጀመርኩ። ባለቤቴ ስለ ብርጭቆዎቿ ጮኸች፤ ለላይኛው መደርደሪያ ብቻ የሚሆን ሌላ ቁልፍ ገጠምኩላት። ማታ ላይ ጥያቄ አቆምኩ። ቀላል አይደለም። ልጄ አጠገቤ ሶፋ ላይ በጀርባዋ ተንጋልላ፣ እግሯን ግድግዳው ላይ ሰቅላ፣ ብስኩት እየበላች ሌላ መጽሐፍ ታነባለች፤ ፍርፋሪው ገጹ ላይ ይወርዳል፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ወደ መስኮቱ አያለሁ። እጇን አልታጠበችም። አውቃለሁ አልታጠበችም።

አራተኛው ክፍል ግን አልመጣም። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሱቁ በኩል አልፋለሁ፤ ሳሙና እገዛለሁ። ቤታችን ውስጥ የሳሙና ክምር ሆኗል። ባለሱቋ መጽሐፉን ከሚዛኑ አጠገብ ዘርግታ ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። "የት ደረስሽ?" እላታለሁ፤ "እየሄድኩ ነው ጋሼ" ትለኛለች። አንድ ቀን "ኧረ እንዴት ያለ ሰው ነው" ብላ ራሷን ነቀነቀች። ማን ነው ስላት አልመለሰችልኝም። ቤት ገብቼ ለልጄ ነገርኳት፤ "ማንን ነው ያለችው? ነጋዴውን ነው ወይስ አባትየውን?" ብላ ከእኔ ብሳ ተነሳች። እራት ላይ ተከራከርን። እኔ የሚመለስ አይመስለኝም አልኩ፤ ያፈረ ሰው ይርቃል። እሷ ጋቢውን ብቻ ነው የወሰደው፣ የሚርቅ ሰው ጫማም ይወስዳል፣ ጫማው በር ላይ እንዳለ ነው አለች። ጫማውን እኔ አላየሁትም ነበር። ተነስቼ ሦስተኛውን ክፍል አምጥቼ ፈለግኩ። አለ።

በነሐሴ መጨረሻ አንድ ከሰዓት በኋላ ካፊያ እያለ ባለሱቋ ከመስኮቷ ጠራችን። ጨርሳለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ከሽንኩርቱ ይሁን ከሌላ አላውቅም። አራተኛውን ክፍል ዘረጋችልን። እጄን ሰደድኩ።

"ተራው የሷ ነው" አለችኝ። "ከእርስዎ በፊት ናት።"

ልጄ ወረቀቱን ይዛ ለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። እኔ አረንጓዴውን ሽፋን ይዤ ከጣሪያው ጠርዝ ሥር ቆምኩ፤ ውኃው አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፤ ጃንጥላዬ ቤት በር ጀርባ ተሰቅሏል። ገጽ ገለበጠች። ሌላ ገለበጠች። ፊቷ ላይ የሆነ ነገር ያልፋል፤ ምን እንደሆነ ማወቅ አልቻልኩም። ባለሱቋን አየኋት፤ ወደ ዱቄቷ ዞረች።

"ተመለሰ?" አልኳት ልጄን። መልሱን አላውቅም ነበር።

ቀና እንኳ አላለችም። "ጠብቅ አባዬ" አለችኝ።